ግሬት ሰርክል ማፐር በወታደራዊ ማረፊያዎች ሲፈተን፦ ከዋይትማን እስከ ዲዬጎ ጋርሲያ

ግሬት ሰርክል ማፐር ካርል ስዋርትዝ የሠራው የበረራ መስመር መለኪያ ድረ ገጽ ነው። ክፍያም ምዝገባም አይጠይቅም። የሁለት አየር ማረፊያ ኮድ ሲሰጡት በሉሏ መሬት ላይ ሁለቱን የሚያገናኘውን አጭሩን መስመር በካርታ ስሎ፣ ርቀቱንና የመነሻ አቅጣጫውን ጽፎ ያሳያል። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት የመንገደኞች በረራ ለማየት ነው። ጥንካሬውና ድክመቱ አንድ ላይ ጎልተው የሚወጡት ግን በሁለት የተራራቁ ወታደራዊ ማረፊያዎች ላይ ሲፈተን ነው፤ የጦር አውሮፕላን አጭሩን መስመር ይዞ የሚበርበት አጋጣሚ ጥቂት ነውና። መሣሪያው የሚሰጠው ቁጥር ማንም አብራሪ ከእሱ በታች ሊወርድ የማይችለውን ርቀት ነው። እውነተኛው መንገድ ከዚያ ቁጥር በስንት እንደሚበልጥና ለምን እንደሚበልጥ መመርመር የተጠቃሚው ሥራ ነው።

ለፈተናው የተመረጡት በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት የሚገኘው የዋይትማን አየር ኃይል ሰፈርና በህንድ ውቅያኖስ የቻጎስ ደሴቶች ውስጥ ያለው የዲዬጎ ጋርሲያ ማረፊያ ናቸው። ዋይትማን የቢ-2 ቦምብ ጣይ ዋና መኖሪያ ነው፤ መንደርደሪያው ወደ 3,780 ሜትር ይረዝማል። የዲዬጎ ጋርሲያው ደግሞ ወደ 3,660 ሜትር ነው። ሁለቱም ከባድ አውሮፕላን ከነሙሉ ጭነቱ የሚያስተናግዱ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ወደ 8,770 ኖቲካል ማይል፣ በኪሎ ሜትር 16,250 ገደማ ነው።

መስመሩ የሚያልፍበት ቦታ የጠፍጣፋ ካርታ ልማድ ያለውን ሰው ያስደነግጣል። ዲዬጎ ጋርሲያ ከምድር ወገብ በታች ስለሆነች ዓይን መስመሩን በአትላንቲክና በአፍሪካ ላይ ይጠብቃል። መስመሩ ግን ከዋይትማን ሲነሳ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከእውነተኛው ሰሜን (ከሰሜን ዋልታ አቅጣጫ) 26 ዲግሪ ገደማ ይዞ ነው የሚወጣው። ዊስኮንሲንን አቋርጦ፣ በጄምስ ባሕረ ሰላጤ አፍና በሰሜን ኩቤክ አድርጎ ግሪንላንድ ይገባል፤ ካንገርሉስዋክ የተባለው የቀድሞ የአሜሪካ አየር ሰፈር በቅርብ ርቀት ወደ ደቡብ ይቀራል። ከፍተኛው ሰሜናዊ ነጥብ ከግሪንላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ ወጣ ብሎ፣ በ70.3 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ20.2 ዲግሪ ምዕራብ ኬንትሮስ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ መስመሩ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፦ ኖርዌይ ከቡዶ ከተማ ዝቅ ብሎ፣ ሰሜን ስዊድን፣ ፊንላንድ፣ ሴንት ፒተርስበርግ አካባቢ፣ ቀጥሎም ሞስኮ ደጃፍ። የመንገዱ እኩሌታ የሚወድቀው በሴንት ፒተርስበርግና በሞስኮ መካከል ነው። ከዚያ ካስፒያን ባሕርን ተሻግሮ፣ ኢራንን ከሰሜን እስከ ደቡብ ሰንጥቆ፣ በቻባሃር ወደብ አካባቢ ውቅያኖስ ላይ ይወጣል።

የአሜሪካ ቦምብ ጣይ ከሚዙሪ ተነስቶ በሞስኮና በኢራን ላይ አድርጎ ወደ ዲዬጎ ጋርሲያ እንደማይሄድ ግልጽ ነው። መሣሪያው ይህን አይነግርዎትም፤ ሊነግርዎትም አልተሠራም። የድንበር፣ የተከለከለ የአየር ክልልና የማለፊያ ፈቃድ መረጃ የለውም። የምንለካው ጂኦሜትሪ ብቻ መሆኑን አስቀድሞ ያወቀ ሰው በዚህ አይሳሳትም።

አጠቃቀሙ አጭር ነው፤ ስህተት የሚበዛው ኮድ ላይ ነው። ኮዶቹን በላቲን ፊደል፣ በመካከላቸው ሰረዝ አድርገው ያስገባሉ፦ ዋይትማን ኤስ ዜድ ኤል፣ ዲዬጎ ጋርሲያ ኤን ኬ ደብሊው። ሌላ መስመር በዚያው ካርታ ላይ መጨመር ሲፈልጉ በኮማ ይለዩታል። መስመሩን በመካከለኛ ነጥቦች መስበር ሲፈልጉ ደግሞ ኮዶቹን በሰረዝ ያስከትላሉ፤ ኮማና ሰረዝ ሲቀያየሩ አንዱ ረጅም ጉዞ ሁለት የማይገናኙ መስመሮች ይሆናል። ሦስት ፊደል ያለው የመንገደኛ ኮድ ለሌለው ወታደራዊ ማረፊያ አራት ፊደል ያለውን ዓለም አቀፍ ኮድ ይጠቀሙ። በኢትዮጵያ እነዚህ በኤች ኤ ይጀምራሉ፤ ቦሌ ኤች ኤ ኤ ቢ ሲሆን የቢሾፍቱው ሐረር ሜዳ ኤች ኤ ኤች ኤም ነው።

በስም መፈለግ ግን አደገኛ ነው። ዋይትማን ብለው ሲፈልጉ በሎስ አንጀለስ ያለ ዋይትማን የሚባል ትንሽ የሲቪል ማረፊያም አለ፤ እሱ ከተመረጠ መነሻዎ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸሻል። በፎክላንድ ደሴቶች ስታንሊ የሚባለው ማረፊያና እ.ኤ.አ. በ1985 የተከፈተው ማውንት ፕሌዘንት የአየር ኃይል ሰፈር የተለያዩ ናቸው፤ ስለ 1982ቱ የብሪታንያና የአርጀንቲና ጦርነት የሚጽፍ ሰው የመጀመሪያውን፣ ስለ ዛሬው የብሪታንያ አየር ኃይል በረራ የሚጽፍ ደግሞ ሁለተኛውን መውሰድ አለበት። በግሪንላንድ ቱሌ ይባል የነበረው ሰፈር ከእ.ኤ.አ. 2023 ጀምሮ ፒቱፊክ ተብሏል። ስለዚህ ካርታው ከወጣ በኋላ የማረፊያውን ገጽ ከፍቶ ኬክሮሱን፣ ኬንትሮሱን፣ ከባሕር ጠለል ያለውን ከፍታና የመንደርደሪያውን ርዝመት ማየት ልማድ ይሁን። ርዝመቱ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ከሆነና እርስዎ የሚያስቡት ከባድ ቦምብ ጣይ ከሆነ፣ የተሳሳተ ማረፊያ ላይ ነዎት።

ሁለተኛው የተለመደ ስህተት የማይል ዓይነት ነው። ድረ ገጹ ርቀትን በየብስ ማይል፣ በኖቲካል ማይልና በኪሎ ሜትር ያወጣል። አንድ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር፣ የየብሱ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው። በ8,770 ኖቲካል ማይል ላይ ሁለቱን ማምታታት ከ2,100 ኪሎ ሜትር በላይ ያጠፋል ወይም ይጨምራል። የአሜሪካ አየር ኃይል ራሱ የቢ-2ን ርቀት ወደ 6,000 ኖቲካል ማይል ብሎ ሲያስቀምጥ የሌላውን ቦምብ ጣይ፣ የቢ-52ን፣ 8,800 የሚለው በየብስ ማይል ነው፤ በኖቲካል 7,650 ገደማ ይሆናል። ሁለቱን ቁጥሮች እንዳሉ ማወዳደር የቢ-52ን ብልጫ ከእውነቱ በላይ ያገንነዋል።

ካርታው ላይ፣ ለእንዲህ ያለ ረጅም መስመር ሉሉን ከሕዋ እንደታየ የሚያሳየውን ኦርቶግራፊክ የተባለውን አሳሳል እንመክራለን። የመሬትን እኩሌታ ብቻ ስለሚያሳይ ጫፎቹ ይጨመቃሉ፤ ነገር ግን መስመሩ ለምን ወደ ሰሜን እንደወጣ ወዲያው ይገባዎታል። በመርኬተር፣ ማለትም በተለመደው ጠፍጣፋ የዓለም ካርታ ላይ ይኸው አጭር መስመር ወደ ላይ የተለጠጠ ትልቅ ቅስት መስሎ ይታያል፤ በእሱ ላይ በማስመሪያ ቀጥ ያለው መስመር ደግሞ ረጅሙ ነው። ከዋይትማን ተነስቶ ወደ 107 ዲግሪ አቅጣጫን ሳይለውጥ የሚበር አውሮፕላን ዲዬጎ ጋርሲያ ይደርሳል፤ የሚያቋርጠው ግን ወደ 9,690 ኖቲካል ማይል ነው። በ450 ኖት (በሰዓት 450 ኖቲካል ማይል) ለሚበር፣ ልዩነቱ የሁለት ሰዓት ነዳጅ ነው።

የመሣሪያውን ቁጥር ዝም ብሎ መቀበል አያስፈልግም፤ በስልክ ካልኩሌተር ይፈተሻል። ካልኩሌተሩ በራዲያን ሳይሆን በዲግሪ ላይ መሆኑን መጀመሪያ ያረጋግጡ፤ የማይሆን መልስ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። የከፍተኛው ኬክሮስ ኮሳይን፣ የመነሻ አቅጣጫው ሳይን በመነሻው ኬክሮስ ኮሳይን ሲባዛ የሚገኘው ነው። የ25.6 ሳይን 0.432፣ የ38.73 ኮሳይን 0.780፤ ብዜታቸው 0.337 ሲሆን ይህ 70.3 ዲግሪን ይሰጣል። የመነሻው ኬክሮስ ታንጀንት ለከፍተኛው ኬክሮስ ታንጀንት ሲካፈል፣ 0.802 ለ2.795፣ 0.287 ይሆናል፤ የእሱ ተገላቢጦሽ ኮሳይን (በካልኩሌተሩ ላይ cos⁻¹) 73.3 ዲግሪ ነው። ከዋይትማን 93.5 ምዕራብ ኬንትሮስ ላይ 73.3 ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ 20.2 ምዕራብ ላይ ይደርሳሉ። ከዚህ በኋላ በመስመሩ ላይ ያለ ማንኛውም ነጥብ በእጅዎ ነው፦ ከ20.2 ምዕራብ ያለውን የኬንትሮስ ልዩነት ኮሳይን በ2.795 ያባዙ፤ የተገኘው የዚያ ነጥብ ኬክሮስ ታንጀንት ነው። ለሞስኮ ኬንትሮስ ለ37.6 ምሥራቅ ልዩነቱ 57.8፣ ኮሳይኑ 0.533፣ ብዜቱ 1.49፣ ኬክሮሱም 56.1 ይሆናል። የሞስኮ መሃል 55.75 ላይ ስለሆነ መስመሩ ከከተማዋ በስተሰሜን ጥቂት አስር ኪሎ ሜትሮች ርቆ ያልፋል።

ይህ ስሌት መሬትን ፍጹም ሉል አድርጎ ይወስዳል። መሬት ግን በዋልታዎቿ በኩል ጠፍጠፍ ያለች ናት፤ በሉል ስሌትና ያንን ግምት ውስጥ በሚያስገባ ስሌት መካከል ያለው ልዩነት እስከ ግማሽ በመቶ ሊደርስ ይችላል። በ16,000 ኪሎ ሜትር ላይ ይህ እስከ 80 ኪሎ ሜትር ስለሚደርስ፣ ሁለት መሣሪያዎች በዚህ መጠን ቢለያዩ አንዱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ስለ አቅጣጫው አንድ ነገር ሳይታለፍ መነገር አለበት። የሚጻፈው ቁጥር የመነሻ አቅጣጫ ብቻ ነው። በታላቁ ክብ፣ ማለትም በሉሉ ላይ ባለው አጭሩ መስመር፣ ላይ የሚበር አውሮፕላን አቅጣጫው በየደቂቃው ይቀየራል። በእኛ መስመር 26 ዲግሪ ይዞ ይነሳል፤ በግሪንላንድ ምሥራቅ ከፍተኛው ነጥብ ላይ በትክክል 90 ይሆናል፤ ዲዬጎ ጋርሲያ ሲደርስ 160 ነው። በ26 ላይ ተክሎ መቆየት ወደ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ይወስዳል። ስለዚህ መስመሩ በአጫጭር ክፍሎች ይከፈላል፤ በየ10 ዲግሪ ኬንትሮሱ አንድ ነጥብ ማስቀመጥ የቆየ አሠራር ነው፤ ከላይ ያለው ቀመርም ለዚሁ ያገለግላል። በተጨማሪ፣ የእውነተኛውን ሰሜንና የማግኔቱን ሰሜን ይለዩ። ሚዙሪ ላይ ልዩነታቸው ትንሽ ነው፤ ግሪንላንድ ላይ ግን በአስሮች ዲግሪ ይቆጠራል። የድሮ የአውሮፕላን መንገድ መሪዎች በዚያ ኬክሮስ ኮምፓሱን ትተው የከዋክብትን ከፍታ በሚለካው በሴክስታንትና በልዩ የዋልታ ፍርግርግ ካርታ ይጓዙ የነበረው ለዚህ ነው።

ወደ ዋናው ጥቅም እንምጣ፤ መሣሪያው ገንዘብ ቢያስከፍል እንኳ የሚገባው በዚህ ነው። አጭሩን መስመርና ሊበረሩ የሚችሉ መንገዶችን በአንድ ካርታ ላይ አስቀምጦ ያወዳድራል። ከዋይትማን በአትላንቲክ የአዞር ደሴቶች ወደሚገኘው ላጄስ፣ ከዚያ ጂብራልታር፣ ፖርት ሳይድ፣ ጅቡቲ፣ ዲዬጎ ጋርሲያ ብለው ሲያስገቡ ድምሩ 9,400 ኖቲካል ማይል ገደማ ነው። ከአጭሩ የሚበልጠው በ600 ገደማ፣ በመቶኛ ሰባት ብቻ! ሩሲያንና ኢራንን ሙሉ በሙሉ ሸሽቶ፣ በሜዲትራንያንና በቀይ ባሕር ለመሄድ የሚከፈለው ዋጋ ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ነው። ጠፍጣፋ ካርታ ይህን በፍጹም አያሳይም። ቁጥሩ ግን ጥቂት ከፍ ይላል፤ ከጂብራልታር ወደ ፖርት ሳይድ የሚሄደው ክፍል የሰሜን አፍሪካን ምድር ስለሚያቋርጥና ከፖርት ሳይድ ወደ ጅቡቲ የሚወርደውም በደንከል በኩል የብስ ስለሚቆርጥ፣ በባሕሩ መሃል ለመቆየት ተጨማሪ ነጥቦች ያስፈልጋሉ። ነጥቦቹን በኬክሮስና በኬንትሮስ ማስገባት ይቻላል።

በምዕራብ በኩል፣ በፓስፊክ ደሴቷ በጉዋም አድርጎ ሲለካ ደግሞ ወደ 10,770 ይወጣል፤ ከአጭሩ በ2,000 ይበልጣል። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2001 ከዋይትማን ተነስተው አፍጋኒስታንን የደበደቡት ቢ-2ዎች የሄዱት በፓስፊክ በኩል ነው። አንደኛው ዲዬጎ ጋርሲያ እስኪያርፍ 44 ሰዓት ከ18 ደቂቃ በአየር ላይ ቆይቷል።

አጭሩ መስመርና የተበረረው መንገድ እስከ ምን ሊራራቁ እንደሚችሉ ለማየት አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 ሊቢያ ላይ ያደረሰችው ጥቃት ጥሩ መፈተኛ ነው። ከእንግሊዙ ሌከንሂዝ እስከ ትሪፖሊ በታላቁ ክብ 1,300 ኖቲካል ማይል ገደማ፣ 2,400 ኪሎ ሜትር ነው። ፈረንሳይና ስፔን የአየር ክልላቸውን ስለከለከሉ የአሜሪካ ኤፍ-111 ቦምብ ጣዮች የአይቤሪያን ልሳነ ምድር ዞረው በጂብራልታር ገቡ፤ ደርሶ መልሱ ወደ 6,400 የየብስ ማይልና 13 ሰዓት ያህል ወሰደ። መንገዱ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1982 በአትላንቲክ ካለችው አሴንሽን ደሴት፣ ከዋይድአዌክ ማረፊያ፣ ወደ ፎክላንዱ ፖርት ስታንሊ የበረረው የብሪታንያ ቮልካን ቦምብ ጣይ የሚያግደው የማንም ድንበር አልነበረም፤ ሁሉም ውቅያኖስ ነው። የ3,380 ኖቲካል ማይሉ መስመር ከተበረረው ጋር ይቀራረባል። እዚያ የከበደው ነዳጅ ነበር፤ ለዚያ የመጀመሪያ በረራ 11 ቪክተር ነዳጅ አዳይ አውሮፕላኖች ተነስተዋል፤ ከቮልካኑ በተጨማሪ እርስ በርሳቸውም እየተሞላሉ።

ይህ ወደ ሌላው አገልግሎት ይወስደናል፦ በማረፊያ ዙሪያ የርቀት ክብ መሳል። ርቀቱን፣ የ«አት» (@) ምልክትና ኮዱን አስከትለው ሲጽፉ ክቡ ይወጣል። በዋይትማን ዙሪያ የ6,000 ኖቲካል ማይል ክብ ሲስሉ ዲዬጎ ጋርሲያ ከውጭ፣ በ2,770 ርቃ ትቀራለች፤ ነዳጅ አዳይ የግድ መሆኑ በአንድ እይታ ይታወቃል። ነገር ግን ይህን ክብ ብዙ ጸሐፊዎች ያለአግባብ ይጠቀሙበታል። የአውሮፕላን ርቀት አንድ ጊዜ የሚሄደው ሁሉ ነው፤ ሄዶ ለሚመለስ ክቡ እኩሌታ ይሆናል። ከዚያም ላይ የመጠባበቂያ ነዳጅ፣ የጦር መሣሪያ ክብደትና ዝቅ ብሎ መብረር ይቀነሳል። ርቀቱን ሙሉ ወስዶ «እስከዚህ ድረስ ይመታል» የሚል ካርታ ሲያዩ አትመኑት።

ንፋስ በመሣሪያው ውስጥ የለም። በ450 ኖት 8,770 ኖቲካል ማይል 19 ሰዓት ተኩል ነው። በአማካይ 40 ኖት የኋላ ንፋስ ካለ ከ18 ሰዓት በትንሹ ያንሳል፤ ያው ንፋስ ከፊት ከመጣ ወደ 21 ሰዓት ተኩል ይጠጋል። የመነሻ ማረፊያው ከፍታም አይታሰብም። የአዲስ አበባና የዋሽንግተን በረራ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው፤ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ርቀት በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ነው፤ ሆኖም ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ከባድ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ያስቸግራል፤ ወደ ምዕራብ ሲኬድም ንፋሱ ከፊት ነው። ሲሄድ በመንገድ ነዳጅ የሚሞላው አውሮፕላን ሲመለስ በቀጥታ የሚመጣው ለዚህ ነው። በጦር ሰፈሮችም ሕጉ ይኸው ነው፤ በዋይትማንና በዲዬጎ ጋርሲያ ከፍታው ስለማያስቸግር ነው እዚህ ብዙ ያላነሳነው።

በመንታ ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን ከተለዋጭ ማረፊያ ስንት ደቂቃ ሊርቅ እንደሚችል በጥላ የሚያሳየው የኢቶፕስ ምርጫም አለ። ለጦር አውሮፕላን መስመር አይጠቅምም፤ ካርታውን ያጨልማል እንጂ።

ከሌሎች ጋር ሲወዳደር፣ ጉግል ኧርዝ በማስመሪያው ይህንኑ አጭር መስመር ይለካል፤ መስመሩ የሚያልፍባቸውን ተራሮችና ከተሞች ቀረብ ብሎ ለማየት ይበልጣል። ነጥቡን በእጅ ስለሚመርጡ ግን የመንደርደሪያውን አንዱን ጫፍ መንካት ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስህተት ሊያመጣ ይችላል። ስካይቬክተር የአብራሪ ካርታ፣ የአየር ክልል ድንበርና የንፋስ መረጃ ስላለው ለቀጣዩ ደረጃ የተሻለ ነው፤ ለጀማሪ ግን ይከብዳል። በመጀመሪያ ግሬት ሰርክል ማፐር ላይ አጭሩን መስመርና ሁለት ሦስት አማራጭ መንገዶች አውጡ፤ ከዚያ አጭሩ መስመር የሚያቋርጣቸውን አገሮች በጉግል ኧርዝ ላይ ለዩ፤ በመጨረሻ የተመረጠውን መንገድ በስካይቬክተር ላይ በንፋስ ፈትሹት። የገጹ አድራሻ ያስገባችሁትን መስመር ስለሚይዝ አድራሻውን ብቻ ለሌላ ሰው መላክ ይበቃል፤ ተቀባዩ ያንኑ ካርታ ያያል፤ ስትልኩ ርቀቱ በየትኛው ማይል እንደተለካ አብራችሁ ጻፉለት።